የማን ክንድ? የማን ጣት?

ማለዳ ሐዋሳ አሞራ ገደል የደረሰ ሰው፣ ከሐይቁ የወጣውን አምባዛ ርዝመት በክንድና በስንዝር ሲገምቱ መስማቱ አይቀርም። ክንድ ከክርን እስከ መሀል ጣት ጫፍ፣ ስንዝር ደግሞ ከተዘረጋ አውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ ማስመሪያ የሚጠይቅ የለም። በግምት ክንድ ግማሽ ሜትር፣ ስንዝር የዚያ ግማሽ ነው። ለአሳ ገበያ ይህ ይበቃል። ለሕክምና ግን «የማን ክንድ?» የሚለው ጥያቄ መቅደም አለበት።

ጥያቄው በአገራችን አዲስ አይደለም። ጨርቅ በክንድ ይሸጥ በነበረበት ዘመን፣ ገዥ ክንደ ረጅም ዘመዱን ይዞ ገበያ ይወጣ እንደነበር ይነገራል። ሪቻርድ ፓንክረስትም ስለ ኢትዮጵያ መለኪያዎች ታሪክ ባሳተሙት ጥናት፣ መለኪያዎቹ ከቦታ ቦታና ከዘመን ዘመን ይለያዩ እንደነበር አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው አዋጅ የሜትር ሥርዓት ሕጋዊ መለኪያ ሆነ።

የቻይና ታሪክ ይህንኑ ጉዳይ ይበልጥ ያጎላዋል። የቻይና የሕክምና ቡድኖች እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ሲመላለሱ የመርፌ ሕክምናቸውን (አኩፓንክቸር) ይዘው በመምጣታቸው፣ ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በቻይና ልማድ 10 ትሱን 1 ቺ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ 3 ቺ 1 ሜትር ስለሆነ፣ ቺ 33.3 ሴንቲሜትር፣ ትሱን ደግሞ 3.33 ሴንቲሜትር ነው። የሆንግ ኮንግ ቺ ግን 37.15 ሴንቲሜትር ነው፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በሃን ሥርወ መንግሥት የነበረው ደግሞ 23 ሴንቲሜትር ገደማ ነበር።

«ሊንግሹ» የተባለው ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ የሰውነትን ልኬት ሲዘረዝር፣ ቁመቱ 7 ቺ ከ5 ትሱን የሆነን ሰው መነሻ ያደርጋል። በሃን ዘመን ቺ ይህ ሰው 173 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን፣ በዛሬው ቺ ከተሰላ ግን 250 ሴንቲሜትር ይሆናል! ስሌቱ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ዘመኑ ነው።

የመርፌ ሐኪሞች ለዚህ መፍትሔ አበጅተዋል። በእነርሱ ዘንድ ትሱን የገበያ መለኪያ ሳይሆን የታካሚው አካል ክፍልፋይ ነው፤ ከክርን እጥፋት እስከ አንጓ እጥፋት 12 ትሱን ተብሎ ይከፈላል። ይህ ርቀት 24 ሴንቲሜትር በሆነበት አዋቂ አንዱ ትሱን 2 ሴንቲሜትር፣ 12 ሴንቲሜትር በሆነበት ሕፃን ደግሞ 1 ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ ከአንጓ እጥፋት 2 ትሱን ላይ የሚገኘው ነይጓን የተባለው ነጥብ በአዋቂው 4፣ በሕፃኑ 2 ሴንቲሜትር ላይ ይሆናል። የገበያውን ትሱን የተከተለ ሰው ግን ሁለቱንም 6.7 ሴንቲሜትር ላይ ይወጋቸዋል።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን እንመለስ። «ጣፊያው ከጎድን አጥንት በታች ሦስት ጣት ነው»፣ «የማሕፀን አፍ ሁለት ጣት ተከፍቷል» ብለን ስንጽፍ፣ ጣቱ የታካሚው ሳይሆን የመርማሪው ነው። ሌሊት የመረመረው ባለሙያና ጠዋት የተረከበው ባለሙያ ጣታቸው እኩል ካልሆነ፣ ጣፊያው አደገ ወይስ መርማሪው ተለወጠ? ምጧ የቆመ እናት ጉዳይ በዚህ ልዩነት ሊዘገይ ይችላል። የምጥ መከታተያ ሰንጠረዥ በሴንቲሜትር የሚሞላውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከ6 እስከ 59 ወር ባለ ሕፃን የክንድ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲሜትር ማነስ የከፋ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ምልክት ነው፤ በዚህ ልኬት ላይ ግማሽ ሴንቲሜትር ውሳኔ ይለውጣል፣ የአንድ ጣት ስፋት ግን ከዚያ ይበልጣል።

በመሆኑም አካልን መለኪያ ማድረግ በራሱ ነውር አይደለም፤ ባለቤቱ ያልታወቀ መለኪያ ነው ስሕተት የሚያመጣው። ማስመሪያ ባለበት በሴንቲሜትር እንለካ፤ በጣት መለካት ግድ ሲሆንም መርማሪው የራሱን ጣት ስፋት አስቀድሞ ለክቶ ይወቅ፣ ውጤቱንም በሴንቲሜትር ይመዝግብ። የአሞራ ገደል አሳ በክንድ ቢገመት የሚጎዳው ቢኖር ኪስ ነው፤ በእኛ ሙያ ግን ሕይወት ነው።