ሮበርት ግሪኒጅ፦ ከነዳጅ በርሜል የወጣ ድምፅ በዓለም ስቱዲዮዎች

ሮበርት ግሪኒጅ የትሪኒዳድ እና ቶቤጎ ተወላጅ የስቲልፓን ተጫዋች፣ የሙዚቃ ደራሲና አቀናባሪ ናቸው። ስማቸውን የማያውቅ አድማጭ እንኳ ጨዋታቸውን ሳይሰማ አልቀረም፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዓለም ዙሪያ በተሰራጩ በርካታ አልበሞች ላይ ስቲልፓን ተጫውተዋልና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሣሪያው

ስቲልፓን ከ200 ሊትር በላይ ከሚይዝ የነዳጅ በርሜል የሚሠራ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። የበርሜሉ ራስ በመዶሻ ተቀጥቅጦ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ በላዩም የእያንዳንዱ ድምፅ ሥፍራ ይለያል። ብረቱ በእሳት ከተጠበሰ በኋላ ድምፆቹ አንድ በአንድ በመዶሻ ይቃኛሉ። ተጫዋቹ ጫፋቸው ጎማ በለበሰ በትሮች ይመታዋል።

መሣሪያው የተወለደው በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ በፖርት ኦፍ ስፔን የድሆች ሰፈሮች ነው። የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች እንደ አምባጓሮኛ ይታዩ ስለነበር ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ከፓኑ ያርቁ ነበር። በ1951 አንድ የትሪኒዳድ ቡድን በብሪታንያ ፌስቲቫል ላይ ከተጫወተ በኋላ አመለካከቱ መለወጥ ጀመረ። በ1992 ስቲልፓን የአገሪቱ ብሔራዊ መሣሪያ ተባለ፤ በ2023 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ነሐሴ ወር ውስጥ የሚውለውን ኦገስት 11 የዓለም የስቲልፓን ቀን ብሎ ሰየመው።

ከላቨንቲል ወደ ስቱዲዮ

ግሪኒጅ በ1950 ከዋና ከተማዋ በላይ ባለው የላቨንቲል ኮረብታ ተወለዱ። መሣሪያውን መማር የጀመሩት በስምንት ዓመታቸው ሲሆን፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በዚያም በ1975 በወጣው የሃሪ ኒልሰን አልበም ላይ ተጫወቱ፤ ከታጅ ማሃል ጋርም ሠሩ።

1980 ለግሪኒጅ ልዩ ዓመት ነበር። ጆን ሌኖን ለልጁ በዘፈነው «ቢዩቲፉል ቦይ» ላይ የሚሰማው ፓን የእርሳቸው ነው። በዚያው ዓመት በወጣው የግሮቨር ዋሽንግተን ጁኒየር አልበም ውስጥ፣ ቢል ዊዘርስ ባዜመው «ጀስት ዘ ቱ ኦቭ አስ» ላይ ብቻቸውን የተጫወቱት ክፍል ከሳክስፎኑ ጋር ጎን ለጎን ቆመ። ዘፈኑ በ1981 በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ፤ በቀጣዩ ዓመትም የግራሚ ሽልማት አገኘ። ከ1983 ጀምሮ ደግሞ የጂሚ ባፌት ባንድ ባልደረባ ሆነው ለአሥርተ ዓመታት ዘለቁ።

ፓን በፊልም

የፊልም ሙዚቃ ስቲልፓንን በአብዛኛው የባሕር ዳርቻና የዕረፍት ምልክት አድርጎ ይጠቀምበታል። በ1988 «ኮክቴል» በተሰኘው ፊልም የተሰማውና የሰንጠረዥ አንደኛ የሆነው የቢች ቦይስ «ኮኮሞ» ለዚህ አስረጅ ነው። ጄምስ ሆርነር ግን በ«48 አወርስ» (1982) እና በ«ኮማንዶ» (1985) መሣሪያውን ለማሳደድና ለፍልሚያ ትዕይንት አዋለው፤ የብረቱ ጥሪ ውጥረትንም መሸከም እንደሚችል አሳየ። በዚያ ዘመን በፊልም ሙዚቃ የተሳተፉ ተጫዋቾች ስም በመዝጊያው ጽሑፍ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይሰፍርም ነበር። በዚህም ምክንያት የብዙዎቹ ድካም ድምፁ ታውቆ ባለቤቱ ሳይታወቅ ቀርቷል።

ወደ ኮረብታው መመለስ

ግሪኒጅ በውጭ ያገኙት ዝና ከትውልድ ሰፈራቸው አልነጠላቸውም። በላቨንቲል ለተመሠረተው «ዴስፐራዶስ» የስቲል ባንድ ሙዚቃ ደርሰውና አቀናብረው፣ በ1991 እና በ1994 በአገሪቱ ታላቅ የስቲል ባንድ ውድድር በ«ፓኖራማ» ለድል አብቅተውታል። በስቱዲዮ ጥቂት ሐረግ ብቻ እንዲጫወት ይጠየቅ የነበረው ሙያተኛ፣ በኮረብታው ላይ የበርካታ ፓኖችን ድምፅ የሚያዋሕድ መሪ ነበር።