ጥቁር ቢራና የገብስ አምራቹ ድርሻ

ጠንካራ ጥቁር ቢራ ለኢትዮጵያ ገበሬ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። እናቶች እህሉን ቆልተው አሻሮ አዘጋጅተው፣ በብቅልና በጌሾ ጠምቀው ጥቁር ጠላ ሲያቀርቡ ኖረዋል። ዳኛውም ምላስ ነበር፤ ጌሾው በዛ፣ አሻሮው አረረ፣ ጠላው ሆመጠጠ እየተባለ ይፈረዳል።

በፋብሪካ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1922 ጊዮርጊስ ቢራ በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በ1984 የተመሠረተው የሐረር ቢራ ፋብሪካ ደግሞ ሐኪም ስታውት የተባለውን ጥቁር ቢራ አበረከተ፤ ስያሜውም በሐረር አቅራቢያ ካለው ሐኪም ጋራ የተወሰደ ነው። ስታውት የሚባለው የቢራ ዓይነት መነሻው በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የለንደን ፖርተር ሲሆን፣ ጥቁረቱን የሚያገኘው በደንብ ከተቆላ ገብስ ወይም ብቅል ነው።

ቀማሹ አስቀድሞ ቀለሙንና አረፋውን ያያል፤ ያሸታል፤ ከዚያም ይጎነጫል። ቡና መሰሉ ምሬት ከብቅሉ ጣፋጭነት ጋር መመጣጠኑን፣ አልኮሉም ጉሮሮ አለማቃጠሉን ይመዝናል።

ይሁንና ፍርዱ የሚጀምረው ከማሳ ነው። የተሰበረ ወይም እርጥበት ያበላሸው ገብስ አይበቅልም፤ ፕሮቲን የበዛበትም ቢራውን ያደፈርሳል። ሐዋሳን ጨምሮ በልዩ ልዩ ከተሞች ፋብሪካዎች በተተከሉበት በዚህ ዘመን፣ ዝርያውን ሳይቀላቅል፣ አድርቆና አበጥሮ የሚያቀርብ ማኅበር ስለ ዋጋ አፉን ሞልቶ መደራደር ይችላል።