ጠፈርና ምሕዋር ፤ የሰማይ ቃላት ታሪክ

በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈ እግዚአብሔር በሁለተኛው ቀን፥ በዕለተ ሰኑይ፥ ውኃን ከውኃ የሚለይ ጠፈርን አደረገ። ጠፈር በግእዝ የቤት ጣራም ማለት ነው። የሥነ ፍጥረት መምህራንም ከጠፈር በላይ ያለውን ውኃ ሐኖስ ብለው ያስተምራሉ። ለቀደሙት ሰዎች እንግዲህ ሰማይ ቤት ነበረ፤ ምድር ወለሉ፥ ጠፈር ጣራው፥ ፀሐይና ጨረቃ መብራቶቹ። ዛሬ ግን ያው ቃል ጣራም ግድግዳም ለሌለው ሰፊ ባዶ ስፍራ ስም ሆኖ ይነገራል። ኦሪትን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ሰው፥ «ሰው ወደ ጠፈር ወጣ» ሲሉት ምን ይረዳ? የአምላክ ሥራ ፈረሰ ማለት ነውን?

የአውሮፓ ሊቃውንትም ረጅም ዘመን በቤት ምሳሌ ኖረዋል። ፕላኔት በግሪክ ቋንቋ ተቅበዝባዥ ማለት ሲሆን፥ እነዚህ ተቅበዝባዦች እንደ ብርጭቆ በጠሩ፥ አንዱ በሌላው ውስጥ በተደራረቡ ኳሶች ላይ ተተክለው ይዞራሉ ይባል ነበር። ዐረቦች የሰማዩን ክበብ ፈለክ ይሉታል፤ ሥነ ፈለክ የሚለውም የአማርኛ ስም ከዚህ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1577 ዓ.ም. ግን አንድ ታላቅ ጅራታም ኮከብ ታየ። የዴንማርኩ ቲኮ ብራሄ ለክቶ ከጨረቃ በላይ መሆኑን አወቀ። ጠጣር ኳሶች ቢኖሩ ኖሮ ያ ኮከብ ሰባብሮ ማለፍ በተገባው ነበር፤ ስለዚህ ኳሶቹ የሉም አለ። ከሌሉ ግን ፕላኔቶችን ተሸክሞ የሚያዞራቸው ምንድር ነው?

መልሱን የጀመረው ቲኮ ከሞተ በኋላ መዛግብቱ የደረሱት ዮሐንስ ኬፕለር ነው። ይህ ሰው በወጣትነቱ ለስብከት አገልግሎት ነገረ መለኮትን የተማረ ነበር። በ1609 ባሳተመው መጽሐፍ የማርስ መንገድ ክብ ሳይሆን ሞላላ መሆኑን ገለጠ፤ ለመንገዱም ኦርቢታ የሚለውን የላቲን ቃል ሰጠው። ኦርቢታ የሠረገላ መንኰራኵር በመሬት ላይ ትቶት የሚያልፈው ፋና ነው። ኬፕለር ግን በዚህ ሁሉ ከእምነቱ አልወጣም። በ1612 በሊንዝ ከተማ ከቅዱስ ቁርባን መከልከሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተከለከለው ስለ ክርስቶስ ሥጋ የተጻፈውን የእምነት ስምምነት በሙሉ ልቤ አልፈርምም በማለቱ እንጂ ስለ ከዋክብት በማስተማሩ አልነበረም።

ማርስን በጻፈ በማግሥቱ ዓመት፥ በጥር ወር 1610፥ ጋሊሌዎ በፓዱዋ ሆኖ በመነጽር ጁፒተርን የሚከቡ አራት ትንንሽ ከዋክብትን አየ። የቶስካናውን መስፍን ሞገስ ፈልጎ በቤተ ሰቡ ስም የሜዲቺ ከዋክብት አላቸው። ኬፕለርም በተዋሰው መነጽር ተመልክቶ የጋሊሌዎን እውነተኛነት መሰከረ፤ በ1611 ባወጣትም ትንሽ መጽሐፍ ሳቴሊቴስ ብሎ ጠራቸው። ቃሉ የመኳንንት አጃቢ፥ በሀገራችን አነጋገር ጋሻ ጃግሬ ማለት ነው። ከዘመናት በኋላ የመስፍኑ ስም ተረስቶ የአሽከሩ ስም ጸንቶ ቀረ፤ ታሪክ እንዲህ ያለውን ፍርድ አዘውትሮ አይሰጥም።

ከዚያ ወዲያ 3 መቶ ዓመት አልፎ፥ መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፥ ሩስያውያን 83.6 ኪሎ የሚመዝን፥ ወርዱ 58 ሳንቲ ሜትር የሆነ የብረት ኳስ ወደ ሰማይ ሰደዱ። በ96 ደቂቃ ምድርን አንድ ጊዜ ይዞር ነበር። ስሙንም ስፑትኒክ፥ ማለት የመንገድ ባልንጀራ አሉት፤ በላቲን አሽከር የነበረው በሩስያኛ ጓደኛ ሆነ። በአራተኛው ዓመት ዩሪ ጋጋሪን ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. በ108 ደቂቃ ጕዞ ዞሮ ተመለሰ።

አማርኛ ለዚህ ሁሉ ቃል ሲያሻው ወደ ግእዝ ሄደ። ለኦርቢታ ምሕዋር ተባለ፤ ከሖረ፥ ማለት ከሄደ፥ የወጣ ቃል ነውና መሄጃ እንደ ማለት ነው። ሰውን ተሸክሞ የሚወጣውም የጠፈር መንኰራኵር ተባለ፤ ይህም ነቢዩ ሕዝቅኤል በራእይ ካያቸው መንኰራኵሮች ስም ጋር አንድ ነው። ላቲኑ የመንኰራኵሩን ፋና ሲወስድ አማርኛ መንኰራኵሩን ራሱን ወሰደ፤ አንዱ ሌላውን ሳይጠይቅ።

ለባዶው ስፍራ ግን ጠፈር የሚለው ስም በቦታው ቀረ፤ አለ አግባብም አልቀረም። ያው ኦሪት በአራተኛው ቀን ፀሐይና ጨረቃ፥ ከዋክብትም በሰማይ ጠፈር እንደ ተደረጉ ይናገራልና፥ ጠፈር ከመብራቶቹ በታች የተዘረጋ ክዳን ብቻ ሳይሆን መብራቶቹ ያሉበት ስፍራም ነው። ወደ ጨረቃ የሄደ ሰው እንግዲህ ወደ ጠፈር ሄደ ቢባል ቃሉ ከመጽሐፍ አይወጣም፤ የፈረሰውም በ1577 የፈረሰው የብርጭቆ ኳስ ነው።

ኢትዮጵያም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይት፥ 70 ኪሎ ያህል የምትመዝነውን፥ ከቻይና ምድር አስወነጨፈች። ምድርን ከላይ ሆና እየተመለከተች የምትልከውን ሥዕል ለመቀበል ጣቢያ የተሠራላት በእንጦጦ ተራራ ላይ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ዘውድ ከጫኑባት ከእንጦጦ ማርያም ብዙ ሳይርቅ ነው።