ምንዥላት

የአያትን አባት ወይም እናት ቅድመ አያት እንላለን። የቅድመ አያት ወላጅ ደግሞ ምንዥላት ነው፤ «ምንጅላት» የሚሉም አሉ። ቃሉ ከከተማ አንደበት እየጠፋ ነው። ሙሉ ስማችን ከአያት አያልፍምና ምንዥላት መታወቂያችን ላይ ቦታ የለውም።

በጎጃምና በጎንደር ግን ለዘመናት የኑሮ ጉዳይ ነበር። ርስት የሚጠየቀው በአባትም በእናትም በኩል እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትውልድ ተቆጥሮ ስለነበር፣ ምንዥላቱን የማያውቅ ሰው ዳኛ ፊት ቢቆም ይሸነፍ ነበር። ለጋብቻም እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር የቆጠራው ዋና ምክንያት አብሮ ቀረ። አዋጁ ተገቢ ነበር እላለሁ፤ የዘር ቆጠራው መረሳት ግን ያሳዝነኛል።

ዕድሜ አርባና ሃምሳ ሲደርስ፣ ወላጆችን መቅበር ሲጀመር፣ «ምንዥላቴ ማን ነበር?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። መልሱን በጽሑፍ ለሚፈልግ፣ ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የብራና መጻሕፍት ስብስብ አለው። በእንዲህ ያሉ መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የመሬት ውል ከነምስክሮቹ ስም ተጽፎ ይገኛል። ፈላጊው ግን አገሩን፣ ደብሩንና ቢያንስ አንድ የሩቅ ስም ይዞ መሄድ አለበት። ያ ስም ያለው ምናልባት አክስትዎ ዘንድ ነው። የእናትዎንም ወገን ሳይተዉ፣ ዘንድሮውኑ ጠይቀው ይጻፉት።