ከአክታ ስላይድ እስከ ጂን ኤክስፐርት፦ የቲቢ ምርመራ ታሪክና በውጤትና በመድኃኒት መካከል ያለው መንገድ

ለአንድ በሽታ አዲስ የምርመራ መሣሪያ በተገኘ ቁጥር የበሽታው ፍጻሜ እንደ ቀረበ አድርጎ ማሰብ በሕክምናው ዓለም የቆየ ልማድ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የቲቢ በሽታ ታሪክ ግን ይህን ልማድ ቆም ብሎ መመርመር እንደሚገባ ያስተምራል። ባለፉት 140 ዓመታት የበሽታውን ተህዋስ ፈልጎ የማግኘት ችሎታ ደረጃ በደረጃ አድጎ፣ ቀድሞ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ምርመራ ዛሬ በሁለት ሰዓት ገደማ የሚጠናቀቅበት ዘመን ላይ ተደርሷል። ይህም ሆኖ የተሻለ መሣሪያ መገኘቱ ብቻውን የሕሙማንን ሕይወት እንዳልታደገ ታሪኩ ደጋግሞ ያሳያል። ሕይወት የተረፈው ከውጤቱ እስከ መድኃኒቱ ያለው መንገድ ባጠረበት ቦታ ነው።

ተህዋሱ የታየበት ዘመን

ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ የቲቢን ተህዋስ ማግኘቱን በበርሊን የፊዚዮሎጂ ማኅበር ስብሰባ ላይ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነበር። ዕለቱ ዛሬ የዓለም የቲቢ ቀን ሆኖ ይታሰባል። በዚያን ዘመን ከሰባት ሟቾች አንዱን የሚገድለው ይህ በሽታ እንደሆነ ኮኽ ለአድማጮቹ ገልጾላቸው ነበር።

ኮኽ የተጠቀመበት የማቅለሚያ ዘዴ ረጅም ሰዓት የሚወስድና አስቸጋሪ ነበር። በስብሰባው ላይ የነበረው ፓውል ኤርሊኽ በዚያው ዓመት ዘዴውን አሻሻለው፤ ፍራንዝ ዚል እና ፍሪድሪክ ኒልሰን ደግሞ በ1882 እና በ1883 ተጨማሪ ለውጥ አደረጉበት። የዚል-ኒልሰን ዘዴ ምስጢር በተህዋሱ ግድግዳ ላይ ነው። ሰም መሰል በሆነ ስብ የተሸፈነው ግድግዳ ቀዩን ቀለም በሙቀት ካስገባ በኋላ አሲድ ቢፈስበትም ቀለሙን አይለቅም። ሌሎቹ ተህዋስያን ቀለማቸውን ተነጥቀው ሰማያዊ ሲሆኑ፣ የቲቢው ተህዋስ ቀይ ዘንግ መስሎ በማይክሮስኮፕ ሥር ይታያል። ይህ ዘዴ ከመቶ ዓመት በላይ የዓለም የቲቢ ምርመራ ዋና መሠረት ሆኖ ቆይቷል።

ሆኖም ተህዋሱን ማየት ሕመምተኛውን ማዳን አልነበረም። ኮኽ በ1890 ቱበርኩሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ለፈውስ የሚረዳ አድርጎ ባስተዋወቀ ጊዜ ብዙዎች ተስፋ አድርገው ነበር፤ ተስፋው ግን ብዙም ሳይቆይ ከሸፈ። ቱበርኩሊን ለመድኃኒትነት ሳይበቃ ቀርቶ በመጨረሻ ለምርመራ ዋለ። ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 ያገኘው ኤክስሬይም የሳንባውን ጉዳት ከማሳየት አልፎ ፈውስ አላስገኘም። ከኮኽ ግኝት በኋላ ለ60 ዓመታት ያህል ሐኪሙ በሽታውን በእርግጠኝነት ለይቶ ለሕመምተኛው ሊሰጠው የሚችለው ዕረፍት፣ ንጹሕ አየርና ምግብ ነበር።

መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላ

ስትሬፕቶማይሲን በ1943 በተገኘ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በዕጣ በተመደቡ 107 ሕሙማን ላይ ያካሄደውና በ1948 የታተመው ጥናት በሕክምና ምርምር ታሪክ ውስጥ ከፍተኛ ቦታ የሚሰጠው ነው። በስድስት ወር ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት 55 ሕሙማን 4ቱ ሲሞቱ፣ በአልጋ ዕረፍት ብቻ ከታከሙት 52 ደግሞ 14ቱ ሞቱ። ነገር ግን ያው ጥናት አንድ ሌላ ነገርም ገለጠ። መድኃኒቱን ከወሰዱት ሕሙማን ብዙዎቹ በሰውነታቸው ውስጥ መድኃኒቱን የተላመደ ተህዋስ ማፍራት ጀመሩ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም በሁለቱ ቡድኖች መካከል የነበረው የሞት ልዩነት እየጠበበ ሄደ። ቲቢን በአንድ መድኃኒት ብቻ ማከም እንደማይገባ የታወቀው በዚህ መልክ ነው። በ1952 አይሶናያዚድ፣ በ1960ዎቹ ደግሞ ሪፋምፒሲን ሲጨመሩ፣ በምሥራቅ አፍሪካ በተካሄዱ ጥናቶችም ጭምር ሕክምናው ወደ ስድስት ወር ሊያጥር ቻለ።

ከዚህ በኋላ ችግሩ መድኃኒት ማጣት ሳይሆን መድኃኒቱን ለሕመምተኛው አድርሶ እስከ መጨረሻው እንዲወስደው ማድረግ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1993 ቲቢን ዓለም አቀፍ አጣዳፊ የጤና ችግር ብሎ ካወጀ በኋላ በጤና ባለሙያ ክትትል ሥር መድኃኒት መውሰድን ማዕከል ያደረገው የዶትስ ስልት በብዙ አገሮች ተስፋፋ። በኢትዮጵያ ይህ ስልት በ1992 በአርሲና በባሌ በሙከራ መልክ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ደረሰ።

የማይክሮስኮፑ ወሰን

በዚህ ሁሉ ዘመን የምርመራው መሠረት የአክታ ስላይድ እንደሆነ ቀጠለ። ዘዴው ርካሽና በገጠር ጤና ጣቢያም የሚቻል ሲሆን፣ ይበልጥ ለሌሎች የሚያስተላልፉትን ሕሙማን ለይቶ ያወጣል። ወሰኑ ግን ግልጽ ነው። ተህዋሱ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ያህል ተህዋስያን ሊኖሩ ይገባል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ የሚገኝ ሕሙማንና ሕፃናት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አክታቸው ይህን ያህል ተህዋስ አይዝም። ስለዚህ የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በተስፋፋባቸው የአፍሪካ አገሮች ብዙ ሕሙማን በሽታው እያለባቸው «ነጻ» የሚል ውጤት ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር።

ሁለተኛው ወሰን ማይክሮስኮፕ መድኃኒት የተላመደውን ተህዋስ ካልተላመደው ለይቶ አለማሳየቱ ነው። ይህን ለማወቅ የካልቸር ምርመራ ያስፈልግ ነበር፤ ተህዋሱ አዝጋሚ በመሆኑም በጠጣር ማሳደጊያ ላይ ለመብቀል ሳምንታት ይፈጃል። ውጤቱ ሲደርስ ሕመምተኛው የማይሠራለትን መድኃኒት ሲወስድ ከርሞ፣ በሽታውንም ለቤተሰቡ አስተላልፎ፣ ምናልባትም ሞቶ ይገኛል።

አዲሱ መሣሪያ

ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ከመነሻው ለቲቢ የታሰበ አልነበረም። በአሜሪካ በ2001 በፖስታ ውስጥ የአንትራክስ ዱቄት ተልኮ ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ የፖስታ ቤቶችን አየር ለመፈተሽ ሥራ ላይ የዋለው ቴክኖሎጂ ይኸው ነው። ለቲቢ በተዘጋጀው ዓይነት አክታው ከፈሳሽ ጋር ተደባልቆ በአንድ የተዘጋ ካርትሬጅ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ መሣሪያው ራሱ የተህዋሱን ዲ ኤን ኤ አባዝቶ መኖሩንና ሪፋምፒሲንን መላመድ አለመላመዱን ያሳያል።

በ2010 በፔሩ፣ በአዘርባጃን፣ በደቡብ አፍሪካና በሕንድ በ1,730 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ውጤት ሲታተም ብዙዎችን አስደነቀ። አንድ ጊዜ ብቻ በተደረገ ምርመራ በማይክሮስኮፕ ከታየባቸው ሕሙማን 98.2 በመቶ፣ በማይክሮስኮፕ ካልታየባቸው ደግሞ 72.5 በመቶ የሚሆኑትን መሣሪያው አግኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር መሣሪያውን አጸደቀው። በ2012 በተደረገ ስምምነት የካርትሬጁ ዋጋ ለታዳጊ አገሮች ከ16.86 ዶላር ወደ 9.98 ዶላር፣ በ2023 ደግሞ ወደ 7.97 ዶላር ዝቅ ብሏል። በ2017 የቀረበው የተሻሻለው ዓይነት ከመጀመሪያው ይበልጥ ጥቂት ተህዋስያንን ያገኛል። አክታ ማውጣት ለማይችሉ ሕፃናትም ዓይነ ምድርን በዚሁ መሣሪያ መመርመር የተቻለ ሲሆን፣ ቀላሉ የናሙና አዘገጃጀት ዘዴ ከተፈተሸባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት።

ያልተጠበቀው ውጤት

መሣሪያው ይህን ያህል የላቀ ከሆነ የሞቱ ቁጥር በዚያው መጠን ይቀንሳል ተብሎ መጠበቁ ተገቢ ነበር። በ2014 የታተመውና በደቡብ አፍሪካ፣ በዚምባብዌ፣ በዛምቢያና በታንዛኒያ የተካሄደው ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። በጤና ጣቢያ ነርሶች በጥቂት ሥልጠና መሣሪያውን በሚገባ ማንቀሳቀስ ችለዋል፤ በዕለቱ ሕክምና የጀመሩ ሕሙማንም በማይክሮስኮፕ ከነበረው 15 በመቶ ወደ 23 በመቶ ከፍ ብለዋል። ከወራት በኋላ ግን በሁለቱ ቡድኖች ሕክምና የጀመሩት ሕሙማን ብዛትም ሆነ የሕመማቸው ክብደት ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ዋናው ምክንያት ሐኪሞቹ በማይክሮስኮፕ ተህዋስ ባይታይም በምልክትና በኤክስሬይ ተመርተው ቀድሞውንም ብዙዎችን ያክሙ የነበረ መሆኑ ነው። በ2015 የታተመ ሌላ የደቡብ አፍሪካ ጥናትም መሣሪያው በላቦራቶሪዎች በማይክሮስኮፕ ቦታ መተካቱ በስድስት ወር ውስጥ የሚደርሰውን ሞት መቀነሱን ማረጋገጥ አልቻለም።

ከእነዚህ ጎን ለጎን ሊነበብ የሚገባው በ2016 የታተመው ጥናት ነው። ይህ ጥናት የፈተሸው በሽንት ውስጥ የተህዋሱን ግድግዳ ቅሪት የሚያሳይ ቀላል የወረቀት ምርመራ ነበር። ምርመራው ከጂን ኤክስፐርት ጋር ሲነጻጸር ብዙ ሕሙማንን የሚያመልጥ ነው። ሆኖም ኤች አይ ቪ ያለባቸውና ሆስፒታል የተኙ 2,528 ሕሙማን ላይ ሲሞከር፣ በስምንት ሳምንት ውስጥ የደረሰውን ሞት ከ25 በመቶ ወደ 21 በመቶ ቀንሷል። ልዩነቱን ያመጣው ምርመራው በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ተደርጎ ውጤቱ ወዲያውኑ መታወቁ፣ እጅግ የታመሙትንና አክታ ማውጣት የማይችሉትን መድረሱና ሕክምናቸውን ማፋጠኑ ነው። ደካማው መሣሪያ በትክክለኛው ቦታና ሰዓት በመገኘቱ ብርቱው መሣሪያ ያላሳየውን ውጤት አሳየ።

የኢትዮጵያ ልምድ

ይህንኑ እውነት ኢትዮጵያ በራሷ መንገድ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ባለሙያዎችን ካሰማራ በኋላ፣ በ2010 መጨረሻ በዚያን ጊዜ ዞን በነበረችው ሲዳማ አንድ ሥራ ተጀመረ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስሉ ሰዎችን ለዩ፤ አክታውን ተቀብለው ስላይዱን እዚያው አዘጋጁ፤ ተቆጣጣሪዎችም ስላይዱን ወደ ላቦራቶሪ ወሰዱ። በቤተ ሙከራው የተሠራው የቆየው የማይክሮስኮፕ ምርመራ ነበር፤ የተለወጠው ጉዞው ነው። ሕመምተኛው ወደ ምርመራው መሄዱ ቀርቶ ምርመራው ወደ ሕመምተኛው መጣ፤ መድኃኒቱንም በመኖሪያው አቅራቢያ እየተደገፈ ወሰደ። ስላይዳቸው ተህዋስ ያሳየ ሕሙማን ቁጥር ከ100,000 ሕዝብ ከ64 ወደ 127 ከፍ አለ። ሕክምናቸውን በተሳካ ሁኔታ የጨረሱትም ከ77 በመቶ ወደ 93 በመቶ አደጉ።

መድኃኒት በተላመደ ቲቢ ረገድ ደግሞ ሌላው የመንገዱ ክፍል ጎልቶ ይታያል። በኢትዮጵያ የዚህ በሽታ ሕክምና ፕሮግራም በ2009 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሲጀመር፣ ሕክምናው ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋና ብዙ መርፌ ያለበት ነበር። መርፌው የአንዳንድ ሕሙማንን ጆሮ ያደነቁር ነበር። እንዲህ ባለ ሁኔታ መሣሪያው በሽታውን በሁለት ሰዓት ቢለይም ሕመምተኛው ከፊቱ የሚጠብቀው ረጅምና አድካሚ ጉዞ ነበር። ይህን ጉዞ ለማሳጠር በተካሄደው ስትሪም በተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት ኢትዮጵያ ተሳትፋለች። ከሞንጎሊያ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከቬትናም ጋር በተካሄደውና በ2019 በታተመው የመጀመሪያው ክፍል፣ ከ9 እስከ 11 ወር የሚወስደው ሕክምና ከረጅሙ ጋር ተመጣጣኝ ውጤት አስገኘ፤ መልካም ውጤት ያገኙት በአጭሩ 78.8 በመቶ፣ በረጅሙ 79.8 በመቶ ነበሩ። በ2022 የታተመው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ቤዳኩሊን ያለበትና ያለ መርፌ በአፍ ብቻ የሚወሰደው ሕክምና 82.7 በመቶ ለሚሆኑት ሕሙማን መልካም ውጤት ሲያስገኝ፣ መርፌ ያለበት ሕክምና 71.1 በመቶ ላይ መቆሙን አሳየ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ለአብዛኞቹ ሕሙማን የስድስት ወር ሕክምናን መከረ።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ በመጀመሪያ እንዲደረግ የሚመክረው ፈጣኑን የዲ ኤን ኤ ምርመራ ነው። መሣሪያው መድኃኒት የተላመደውን ቲቢ ቀድሞ በመለየቱ ብቻ እንኳ ዋጋው ከፍተኛ ነው። የዲ ኤን ኤ ምርመራ የሞተውንም ተህዋስ ስለሚያሳይ ግን፣ የሕክምናን መሻሻል ለመከታተል ስላይድና ካልቸር አሁንም ያስፈልጋሉ። ስለዚህ አሮጌው በአዲሱ ሙሉ በሙሉ አልተተካም።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበው ግን በእያንዳንዱ ጤና ተቋም ውስጥ መልስ የሚሹ ቀላል ጥያቄዎች ናቸው። አክታው ከተሰጠ በኋላ ወደ መሣሪያው እስኪደርስ ስንት ቀን ይቆያል? ውጤቱ ሲወጣ ለሕመምተኛው የሚያደርሰው ማን ነው? ውጤቱ በመዝገብ ላይ ከተጻፈ በኋላ ሕክምና ያልጀመረውን ሰው የሚፈልገው ማን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች የትኛውም ካርትሬጅ አይመልስም። ኮኽ ተህዋሱን ካሳየበት ምሽት ወዲህ የታየው ሁሉ የሚመሰክረው፣ የምርመራው መጨረሻ በመሣሪያው መስኮት ላይ የሚነበበው ቃል ሳይሆን ሕመምተኛው የሚውጠው የመጀመሪያው ክኒን መሆኑን ነው። ያንን ርቀት የሚያሳጥረው ደግሞ መንገዱን በየቀኑ የሚጓዘው የጤና ባለሙያ ነው።