የነገሌ ጉድጓድና የቦረና ጉድጓድ

«ኢትዮጵያ የክርስቲያን ደሴት ናት» ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች አንድ ጥያቄ ሳናነሳ ቀርተናል። ለመሆኑ ሃይማኖት አለኝ የሚል አገር ሃይማኖቱን የሚኖረው የት ነው? በቤተ መቅደሱ? በሕገ መንግሥቱ? ወይስ ውኃ በሚቀዳበት ጉድጓድ? እኔ ጉድጓዱን መርጫለሁ፤ ምክንያቴም ነገሌ ቦረና ነው።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ የሰፈረው የ4ኛ ብርጌድ ጦር አመፀ። መነሻው «መሬት ላራሹ» አልነበረም፤ የማይበላ ምግብና የውኃ እጦት ነበር። የተራው ወታደር የውኃ መሳቢያ ሲበላሽ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዲቀዳ አልፈቀዱለትም። ነገሩን ሊያጣሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ ያዟቸውና እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፤ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። አመፁ ወደ ሌሎች የጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ቀኑን ልብ በሉልኝ፤ ለጥምቀት 7 ቀን ቀርቶታል። አገሩ በሙሉ ታቦቱን አጅቦ ወደ ውኃ ሊወርድ ሲሰናዳ ነው ወታደሩ ውኃ የተከለከለው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱን ቅቡዕ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱንም የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ብሎ ነበር። ወንጌል ደግሞ ለተጠማ የተሰጠን ውኃ ለጌታ እንደተሰጠ ይቆጥራል። ከመኮንኖቹ መካከል ረቡዕና ዓርብን የሚጾም እንደማይጠፋ እገምታለሁ። እምነት አላነሳቸውም። ያነሳቸው መኮንን ተራ ወታደርን ውኃ ቢከለክል የሚጠይቅ ዳኛ ነው።

ከዚያው ከነገሌ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወረድ የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች፣ «ቱላ» የሚባሉት አሉ። ዘጠኝ ስፍራዎች ናቸው። ሰዎች እርስ በርስ ከፍ ዝቅ ብለው ይቆሙና የቆዳ ባልዲ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውኃውን ወደ ላይ ያወጣሉ። እያንዳንዱ ጉድጓድ በጎሳ ስም ይጠራል፤ ኃላፊነቱን የሚይዝ «ኮንፊ» አለው፤ የከብቱን ተራ የሚያስጠብቅ «አባ ሄሬጋ» አለው። ተራ ያፈረሰ በጉባኤ ይጠየቃል። ውኃ በገንዘብ አይሸጥም፤ ለተጠማ ሰው የሚጠጣ ውኃ መንፈግም ነውር ነው። «ናጋ ቦረና»፣ የቦረና ሰላም፣ ከዋቃ የሚለመን ጸሎት ነው፤ ሆኖም ጸሎት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ባለተራ፣ ባለሥልጣንና ቅጣት ተበጅቶለታል። በየስምንት ዓመቱ በጋዮ የሚሰበሰበው ጉሚ ጋዮ፣ ለምሳሌ በ1988 ዓ.ም. የተካሄደው 37ኛው ጉባኤ፣ ሕጉን ይመረምራል፤ የገዳ ባለሥልጣናትንም ይገመግማል። የገዳ ሥርዓት በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው በኅዳር 2009 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ በተደረገ ስብሰባ ነው።

ታዲያ ቦረና ያሰበውን ኖረ ልንል ነው? ቆይ፣ አንቸኩል። ያ ሰላም ወሰን አለው። ከወሰኑ ውጭ ያለው ሰው «ኛፓ»፣ ጠላት፣ ሊባል ይችላል፤ በግጦሽና በውኃ ሰበብ ከጋሪው፣ ከጉጂው፣ ከሌላውም ጎረቤት ጋር ብዙ ደም ፈስሷል። በ2013 እና በ2015 ዓ.ም. መካከል ዝናቡ በተከታታይ ሲቀር ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። ከብቱ ያለቀበትን ወገን ከብት አዋጥቶ የሚያቋቁመው «ቡሳ ጎኖፋ» የሰጪውም በረት ባዶ ሲሆን ምን ያድርግ? ዱብሉቅ ከዘጠኙ ቱላዎች አንዱ ያለበት ስፍራ ነው፤ በዚያ ድርቅ የተፈናቃዮች መጠለያ የተተከለው እዚያው ነበር። ሕጉ አልተሻረም። የሚጠጣው ከብት ነው የጠፋው።

የነገሌ ነገር ደግሞ በሌላ በኩል ተመለሰ። በ2015 ዓ.ም. የምሥራቅ ቦረና ዞን ሲቋቋም ነገሌ ማዕከሉ ተባለች፤ በጉጂ ዞን ተቃውሞ ተነሳ። ጉጂም የገዳ ልጅ ነው፤ የሚለምነውም ያንኑ ዋቃ፣ የሚመርቀውም በዚያው «ናጋ» በሚለው ቃል ነው።