«የፖርቱጋሎች ድልድይ» እና ሁለቱ ፏፏቴዎች

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፣ የደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ዘንድ ሲደርስ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ተሳላሚው ጸበሉንና ገዳሙን እያሰበ ቁልቁል ይታጠፋል፤ የጎጃሙ መንገደኛ ደግሞ የዓባይን በረሃ በጊዜ ለማለፍ ይቸኩላል። ከመገንጠያው አቅራቢያ ከአፋፉ በእግር የሚወርድ ቀጭን መንገድ መኖሩን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ይህ ጸሐፊም ቢሆን ስንቱን ጊዜ አልፎት ሄዷል።

መንገዱ ረጅም አይደለም። በግራና በቀኝ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ይቀመጣሉ፤ ከበታች የጀማ ሸለቆ ተዘርግቷል። ቁልቁለቱ ሲያልቅ በድንጋይና በኖራ የተገነባ፣ ቅስት ያለው ትንሽ ድልድይ ይገኛል። ከሥሩ የሚያልፈው ወንዝ ጥቂት ርምጃ እንደ ሄደ መሬት ያልቅበትና ከገደሉ ይወረወራል። በመስከረምና በጥቅምት የሄደ ሰው ድምፁን ገና ከላይ ይሰማዋል፤ በበጋ የሄደ ግን ከዓለቱ ላይ እንደ ክር የተንጠለጠለ ውኃ አይቶ «ለዚህ ነው እንዴ?» ማለቱ አይቀርም።

መንገድ የሚያሳዩት ልጆች ታሪኩን በቃላቸው ያውቁታል። ድልድዩን የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው፤ ኖራውም የተለወሰው በሰጎን እንቁላል ቅርፊት ነው ይላሉ። በሰላሌ ደጋ ያን ያህል ሰጎን ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ የለም! ድልድዩን ያሠሩት በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ራስ ዳርጌ ናቸው። ራስ ዳርጌ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የዐፄ ምኒልክ አጎት፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን መቅደላ ላይ ታስረው የኖሩ፣ በኋላም ሰላሌን ያስተዳደሩ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ያረፉት በ1900 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። የክርስቶፎር ዳ ጋማ ወታደሮች ከመጡበት ከ1541 ወዲህ ሦስት መቶ ኀምሳ ዓመት የሚያህል ጊዜ አልፎ የተሠራ ሥራ ለእነርሱ ተሰጠ ማለት ነው።

ስሕተቱ ግን ከሜዳ አልበቀለም። ከዚያው መንገድ ወደ ሰሜን ቢቀጥሉ፣ ከባሕር ዳር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ጢስ ዓባይ ዘንድ በዓባይ ላይ የተሠራ ሌላ «የፖርቱጋሎች ድልድይ» አለ። ይኼኛው እውነትም ከእነርሱ ጋር ይነካካል፤ ቢሆንም ነገሩ ሰው እንደሚለው አይደለም። በ1626 ያሠሩት ዐፄ ሱስንዮስ ናቸው። ማኑኤል ደ አልሜዳ የተባለው የኢየሱሳውያን ጸሐፊ እንደ መዘገበው፣ የኖራው ድንጋይ የተገኘው እዚያው በአላታ ወንዝ ዳር ሲሆን፣ ሥራውን የመራው ከፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ጋር ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ነበር። እንግዲህ ንጉሡ ኢትዮጵያዊ፣ ኖራው የአላታ፣ ባለሙያው ከሕንድ የመጣ! ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ካባረሩ በኋላም በኖራ መገንባቱ አልቀረም፤ ጎንደርን ያየ ያውቀዋል።

በዚህ ድልድይ የተሻገረ መንገደኛ መንደሩን አልፎ ዳገቱን ሲወጣ ከፏፏቴው ፊት ለፊት ይቆማል። ጢስ ዓባይን በአንድ ብር ኖት ላይ ሲያየው ያደገ ሁሉ የማያውቀው አይመስለውም። የጻፉለት ባዕዳን እንኳ አልተስማሙበትም። ኢየሱሳዊው ጀሮኒሞ ሎቦ ከሚወርደው ውኃ ኋላ፣ ከዓለቱ ሥር ተቀምጦ ቀስተ ደመና ማየቱን ጻፈ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 መጥቶ አየና ይህ ከቶ የማይሆን ነው፣ ሎቦ ውሸታም ነው አለ። ብሩስ የመጣው በግንቦት፣ ዝናብ ወንዙን ከሞላው በኋላ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። በበጋ ውኃው ሲሳሳ ዓለቱ ይራቆታል፤ የሎቦን ቃል በጥቂቱም ቢሆን ማመን የሚቻለው ያን ጊዜ ነው። ደግሞ ሌላውን ውሸታም ያለው ብሩስ ራሱ የፏፏቴውን ቁመት በእንጨት ለክቶ አርባ ጫማ ገደማ ነው ብሏል፤ አርባ ጫማ ዐሥራ ሁለት ሜትር ነው፤ ጢስ ዓባይ ግን ከአርባ ሜትር በላይ ይወርዳል!

ዛሬ የውኃውን መጠን የሚወስነው ወቅቱ ብቻ አይደለም። በ1964 የመጀመሪያው፣ በ2001 ደግሞ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ጣቢያ ከፏፏቴው በላይ ውኃውን ጠልፈው ወሰዱ። በ2010 ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ ከሐይቁ ራሱ በዋሻ ወደ በለስ ያሻግራል። መብራቱን ማን ይጠላል? ነገር ግን በመጋቢት ሄዶ እርጥብ ዓለት ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው ቅሬታው ይገባናል።

የደብረ ሊባኖሱ ትንሽ ወንዝ እስካሁን እንዲህ ያለ ጠላፊ አላጋጠመውም። ከራስ ዳርጌ ድልድይ ሥር ያልፋል፣ ከገደሉ ይወረወራል፣ በጀማ በኩል አድርጎ እርሱም ዓባይ ይገባል። ልጆቹም በድልድዩ ላይ ተቀምጠው የሰጎኑን እንቁላል ለመንገደኛው ያወጋሉ።